ማንም አልሞተም

"እኔ ከዚህ ድንጋይ አልነሳም" አለ ቢምረው። የግራ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎታል። "ተከዜ ከፈለገ እሱ ወደ እኔ ይምጣ።"

ምሳው ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ማሰር ያዘ። ቢመልስለት ጠብ እንደሚሆን ያውቃል፤ ጠብ ደግሞ ከትናንት ማታ የተረፈ በቂ ነበራቸው።

ጉዞውን የጠነሰሰው ምሳው ነው። ሰቆጣ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ተከዜን ስንት ጊዜ በጠመኔ እንደሳለው እግዜር ይወቀው፤ በዓይኑ ግን አይቶት አያውቅም። አንድ ቀን ተከዜ ዳር ካለው ወረዳ ከዝቋላ የመጣች ተማሪ የውሃው ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችው። ካርታው ላይ እንዳየው "ሰማያዊ" አላት። የዝቋላ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ያን ዕለት ተከዜን በእግሩ ሄዶ ሳያይ ስለ ወንዝ ላያስተምር ለራሱ ማለ፤ የ1998 የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ ሰው ማሰባሰብ ጀመረ። ፈረንጅ ገንዘብ ከፍሎ የሚያደርገውን እኛ በነፃ ለምን አናደርገውም እያለ ሦስት ሰው አሳመነ። አንደኛው የሒሳብ አስተማሪው ቢምረው ነው፤ የመጣው ሚስቱ ቤቱን ልታስለስን ስለነበር ነው። ሁለተኛዋ ነርሷ ትግስት ናት። ሦስተኛው ሐይደር፣ አባቱ ሰቆጣ ገበያ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ከሱቁ ግማሹን በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ነጋዴ ነው።

ደስታም አልጠፋም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ከደጋው ጫፍ ላይ ቆመው ተራራው ከተራራው ጀርባ እየደበዘዘ ሲሄድ ሲያዩ ትግስት ነጠላዋን እያውለበለበች የራሷን ስም ወደ ገደሉ ጮኸች፤ ገደሉም መለሰላት። ሰሳ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስትዘል ያዩ ጊዜ ቢምረው እንኳ ስለ እግሩ ማውራት አቁሞ ነበር። ችግሩ ቆላው ውስጥ ከገቡ በኋላ መጣ። ቁጥቋጦው ልብሳቸውን ቦጫጨቀው፣ መዥገር የማይነገር ቦታ ገባባቸው፣ አንድ ዝንጀሮ የዳቦውን ከረጢት ነጥቆ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እያያቸው በላ።

ከዝንጀሮው የባሰው ግን ሰው ነበር። ትናንት መንገድ ላይ ያገኟቸው አንድ አዛውንት ከብት ጠፍቷቸው እንደሆነ ጠየቁ። አልጠፋንም አሏቸው። እንግዲያው ማን ሞቶ ነው አሉ። ማንም አልሞተም አሏቸው። ምሳው በመጨረሻ "ለመዝናናት ነው፣ አባባ" ሲል አዛውንቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ትግስትን ለብቻዋ ወስደው ይህን ልጅ ጠበል ሞክራችሁለታል ወይ ብለው ጠየቋት። ትግስት ይህን ለሁሉም ተረከችው፤ ምሳውም ከእንግዲህ "መዝናናት" የምትለዋን ቃል በሰው ፊት እንደማይናገር ወሰነ።

አሁን ማለዳ ነው። ቢምረው በተኙበት የመጨረሻውን ውሃ ተረከዙን አጥቦበት ስለነበር ማንም ማንንም አያናግርም። ሐይደር እንደ ምንም ከድንጋዩ ጎትቶ አስነሳው። ብርድ ስለነበረ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፤ ትግስትም ጸጉሯን እሾህ ስለሞላው ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማዋለች። ኮረብታው ሥር አንድ ቤት ሲያዩ ውሃ ሊለምኑ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደዚያው ወረዱ።

የቤቱ ባለቤት እመት ለተሥላሴ ፍየል አልበው ከበረት እየወጡ ነበር። ሰዎቹን እንዳዩ ቆሙ።

"በደህና ነው?" አሉ።

ምሳው ለምን እንደመጡ ሊናገር ፈለገና ያቺ ቃል አፉ ውስጥ ተሰነቀረች። ወደ ትግስት አየ፤ ትግስትም ወደ መሬት አየች። አዛውንት ሴት የወተት ዕቃ እንደያዙ አቁሞ ማነጋገር ነውር መሰለውና በትሕትና "እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እናቴ" አላቸው።

ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

በዚያ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ ተሰባስቦ፣ ተከናንቦ፣ ዝም ብሎ በመምጣትና ባለቤቱን በማስቀመጥ። ምሳው ይህን እንደማንኛውም የዋግ ሰው ያውቃል። ጥማትና ኩርፊያ አስረስተውት እንጂ ገና ከኮረብታው ላይ ጮኾ ሰላምታ ይሰጥ ነበር።

"ዘመናይ ናት" አሉ እመት ለተሥላሴ። "ልጄ ናት።"

"ኧረ ማንም አልሞተም!" አለ ምሳው።

ከዚህ የከፋ ነገር ሊናገር አይችልም ነበር። መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ የሚጀምረው አልሞተም፣ ትንሽ አሞት ነው በማለት ነው። ትግስት ልታረጋጋቸው ሮጣ አቀፈቻቸውና ነርስ እንደሆነች ነገረቻቸው፤ ያም ታማ ነበር ማለት ሆነ። እመት ለተሥላሴ ፊታቸውን መንጨት ጀመሩ። ጩኸታቸው ማዶ ካለው ጎጥ ደረሰ፣ ማዶውም ተቀብሎ ለሌላው ማዶ አስተላለፈው። ምሳው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ለሚመጣው ሁሉ ደህና ናት ይላል፤ የመጣውም ሁሉ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ለደግነቱ ያመሰግነውና ወደ ለቅሶው ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ ግቢው ሞላ፤ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ሙሾ ይወርድ ጀመር። ምሳው ቋንቋውን ባይሰማም ዘመናይ የሚለው ስም በተጠራ ቁጥር አንገቱን ይበልጥ ይደፋ ነበር። አንዲት በሰላም የምትኖር እናት በእሱ ኩርፊያ የተነሳ ፊቷ ደም በደም ሆኗል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ያዳናቸው ቢምረው ነው፤ ሳያስበው። ጥግ ይዞ ተረከዙን እያየ ከልቡ ያለቅስ ነበር። አቶ ትእዛዙ የተባሉ የጎረቤት ሽማግሌ አለቃቀሱ ልባቸውን ነካውና አጠገቡ ተቀመጡ።

"አይዞህ ልጄ። አብራችሁ ነበር የምትኖሩት?"

"ከማን ጋር?"

"ከዘመናይ ጋር ነዋ።"

"ዘመናይ ማናት?" አለ ቢምረው አፍንጫውን እየጠረገ። "እኔ እግሬን ነው።"

ሽማግሌው ተረከዙን አዩት፣ ፊቱን አዩት፣ እንደገና ተረከዙን አዩት። ከዚያ ተነስተው በትራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ዝም በሉ! እነዚህ ሰዎች የሟቿን ስም አያውቁም።"

ለቅሶው በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ከወዲያ ጥግ እየከሰመ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሁሉም ወደ አራቱ ዞሩ፤ የአንዳንዱ ወንድ ዓይን ከለቅሶው ይልቅ ያስፈራ ነበር። አቶ ትእዛዙ በሕይወት ላለች ልጅ ያስለቀሱበትን ምክንያት እንዲናገሩ ጠየቁ። ሐይደር ምሳውን በክርኑ ነካው። ከዚህ በኋላ መዋሸት ነውር ነበር።

"ለመዝናናት ነው የመጣነው" አለ ምሳው። "ተከዜን ለማየት። ሌላ ጉዳይ የለንም።"

አንድ ሰው ወደ ኽምጣና ተረጎመው፤ ትርጉሙ ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ሲያልቅም ማንም አልገባውም።

መጀመሪያ የሳቁት እመት ለተሥላሴ ናቸው። ሳቃቸው ወዲያው ወደ ለቅሶ ተመለሰ፤ ይሄኛው ለቅሶ ግን ዝግ ያለ ነበር። ምሳው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

"ተወው፣ ልጄ። እናንተ ባትመጡም በየቀኑ ማለዳ እናንተን ስጠብቅ ነበር" አሉ። "አረብ አገር ከሄደች ወዲህ በሰው ትልክልኝ ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፋ። የስልክ ቁጥሯ አለኝ። ሰቆጣ ወጥቼ ላስደውል እላለሁ፣ ሌላ ሰው አንስቶ ክፉ የነገረኝ እንደሆነስ እላለሁ፣ እተወዋለሁ።" ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "አሁን ግን አለቀስኩላት። ከዚህ በኋላ የምፈራው ነገር የለኝም።"

ሐይደር የአባቱ ሱቅ ስልክ እንዳለው፣ የብዙ ሰው ልጆችም ከአረብ አገር በዚያ እንደሚገናኙ ነገራቸው። እመት ለተሥላሴም ሰቆጣ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቁት። ሐይደር ወደ ምሳው አየ።

ከግቢው ጀርባ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። በመጨረሻው ሸንተረር ግርጌ አረንጓዴ የዛፍ መስመር ይታያል፤ ተከዜ እዚያ ሥር ነው፣ ከቀትር በፊት የሚደረስ። አቶ ትእዛዙ በጣታቸው ወደዚያ እያመለከቱ ወንዙን አይተው መመለስ እንደሚችሉ፣ ለተሥላሴም እስከ ነገ እንደሚጠብቁ በደግነት ተናገሩ። እመት ለተሥላሴ ግን ገብተው ጫማቸውን አድርገው ወጥተዋል። ፊታቸው ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም።

ምሳው የዛፉን መስመር ጥቂት አየውና ጀርባውን ሰጠው።

"ዛሬ ነው የምንመለሰው፣ እናቴ። አሁኑኑ።"

ቢምረው ይህን ሲሰማ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ መመለሻው ዳገት መሆኑ ትዝ ሲለው ፈገግታው ጠፋ። አቶ ትእዛዙ አህያቸውን አዋሱት፤ አህያዋ አንዴ አየችውና ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች።

ከመንደሩ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ ፀሐይ ጠንክራ ነበር። እመት ለተሥላሴ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አንድ ጉብታ ላይ ካለ ቤት አጥር ሥር አንዲት ሴት ወጣች፣ ሰልፉን አየች፣ የቆሰለውን ፊት አየች። ሁለት እጆቿ ለዋይታ ቀስ ብለው ወደ ራሷ ሲወጡ ምሳው አየ።

ድምፁ አስቀያሚ እንደሆነ ያውቃል፤ በሰርግ ላይ እንኳ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ቢሆንም ጉሮሮውን ጠረገና በሙሉ ኃይሉ የሰርግ ዘፈን ጀመረ። ትግስት ደነገጠች፣ ከዚያ ገባትና ተቀበለችው። ሐይደር ማጨብጨብ ያዘ፤ ቢምረውም አህያዋ ላይ ሆኖ አዝማቹን አሳስቶ ገባበት። ሴትዮዋ እጆቿን አወረደች።

እመት ለተሥላሴ ዞረው አላዩም፣ አልዘፈኑምም። እርምጃቸውን ግን በጭብጨባው ልክ አድርገው ዳገቱን ቀጠሉ።