የጋሽ ፔንግ ጉልበት

ታን ዩላን ከጋሽ ፔንግ ጉልበት በታች አራት ጣት ያህል ወርዳ ቀጭኗን መርፌ ሰካችና በሁለት ጣቷ ቀስ እያደረገች አሽከረከረቻት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ስሜቱ ደረሰ?" አለች ዩላን።

"ደረሰ። እስከ እግሬ አውራ ጣት ነዘረኝ። እጅሽ ይባረክ ልጄ።"

ስምንት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ሲሉ ከርመዋል፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። አኩፓንቸር የሚባለው የመርፌ ሕክምና ሕመም ያስታግስ እንደሆነ የሚመረምረው ጥናት መቶ ሃያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች አሉበት። ግማሾቹ በትክክለኛው መርፌ ይወጋሉ፤ ግማሾቹን ቆዳ የማይበሳ ደነዝ መርፌ ይነካቸዋል። ማን የቱ እንደደረሰው ከወጊዋ ከዩላን በቀር የሚያውቅ የለም። በሽተኞቹ ከጎን ያለው ክፍል ገብተው ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አስር ባለው ቁጥር ይጽፋሉ፤ ለእሷ ደግሞ ቁጥሩን ማየትም መጠየቅም ክልክል ነው። ጋሽ ፔንግ ከሚወጉት ናቸው።

ሕጉን ያወጡት መምህሯ ኦውያንግ ናቸው። ዩላን ልጅ ሳለች ሽባ ሆኖ የነበረውን የእናቷን ክንድ በመርፌ ያንቀሳቀሱት እሳቸው ነበሩ፤ ወደዚህ ሙያ የገባችውም በዚያ ምክንያት ነው። ዛሬ ጠዋት የሩዝ ፓስታቸውን በበርበሬ እየበሉ፣ "መርፌው እንደሚሠራ እኔም አንቺም እናውቃለን። የቀረን ለማያውቁት ማሳየት ነው" ብለዋታል። የመጨረሻው ቅጽ ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱ ይከፈታል።

ጋሽ ፔንግ ቅጻቸውን ሞልተው ወጡ። በሯ ላይ ቆመው አውራ ጣታቸውን አሳዩዋትና ቀጥ ብለው ሄዱ። ሊፍቱ ከክፍሏ ፊት ለፊት ነበር፤ እሳቸው ግን አለፉት።

ያገለገሉትን መርፌዎች ልትጥል በጓሮው ደረጃ በኩል ስትወጣ አገኘቻቸው። ሽማግሌው ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ የኋሊት አንድ አንድ ደረጃ እየወረዱ ነው። ላብ በላብ ሆነዋል።

"ጋሽ ፔንግ፣ ምን ሆነዋል?"

"ምንም። እግሬን እያፍታታሁ ነው።"

"የኋሊት እየወረዱ?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "በቃ፣ ያዝሽኝ።"

"ቅጹ ላይ ስንት ጻፉ?" መጠየቅ እንደሌለባት እያወቀች ጠየቀች።

"ሁለት።"

"እውነቱስ?"

"ሰባት። ደረጃ ላይ እንኳ ስምንት ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን?"

"ምን ለምን አለው? ስምንት ሳምንት ጎንበስ ብለሽ የሽማግሌ እግር ስታሺ ከርመሽ፣ ሰባት ብዬ በሰው ፊት ላሳፍርሽ? ደግሞ እኔ ብቻ መሰልኩሽ? የባቡር ጥገና ጡረተኞች አንድ ግቢ አይደል የምንኖረው! ለጥናትሽ የተመዘገብነው ሃያ ስድስት ነን። ግቢውን የምታዘው እትዬ ሄ ሰብስባን፣ 'ከሁለት በላይ የሚጽፍ እንዳላይ፤ ልጅቷ ዕድገቷን ታግኝ' ብላናለች። እሷን ደግሞ ታውቂያታለሽ።"

ዩላን ግድግዳውን ተደገፈች። ሃያ ስድስቱን በፊታቸው ታውቃቸዋለች፤ ገሚሱን ወግታለች፣ ገሚሱን በደነዙ ነክታለች፤ ሁሉም ከሁለት ያልበለጠ ጽፈዋል። ከመካከላቸው በእርግጥ የዳነ ቢኖር እንኳ ከእንግዲህ መለየት አይቻልም። በክፋት ያደረጉት ቢሆን ትቆጣ ነበር፤ ይሉኝታ ይዟቸው ስለሆነ ግን ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት።

"የአጥንት ሐኪሙ ቀጠሮዎስ?"

"ሰረዝኩት። ሌላ ሕክምና የጀመረ ከጥናቱ ይወጣል ተባለ። አንድ ሰው ላጎድልብሽ ነው?"

አፈረች። ይህን ጉልበት ሃያ አራት ጊዜ በእጇ ይዛው ታውቃለች፤ አንድም ቀን ግን ደረጃ ሲወርድ አላየችውም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። ለሌላ ሰው የሚባል ይመስለኝ ነበር።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህን ብትናገሪ ምን ይመጣብሻል?"

"የሁለት ዓመት ሥራ ገደል ይገባል።"

"እንግዲያ እኔም አልተናገርኩ፣ አንቺም አልሰማሽ። የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

እኔና አንቺ እናውቃለን። ጠዋት መምህሯ ይህንኑ ሲሉ ልቧ ሞልቶ ነበር። አሁን ግን ምን እንደምታውቅ ራሷን ጠየቀች። የእናቷን ክንድ ታውቃለች። የጋሽ ፔንግን ጉልበት ግን አላወቀችውም፤ ሌሎቹንም እንደዚያው።

ስልኳ ጮኸ። መምህር ኦውያንግ ነበሩ።

"የመጨረሻው ቅጽ ገባ? ልከፍተው ነው።"

"አይክፈቱት መምህር።"

"ምን ተገኘ?"

"መጥቼ እነግርዎታለሁ። እባክዎ አይክፈቱት።"

መምህሩ፣ "እጠብቅሻለሁ" ብለው ዘጉ።

ጋሽ ፔንግን ደግፋ ወደ ላይ መለሰቻቸው። ከጎን ያለው ክፍል ገብታ ቅጹን ከጸሐፊዋ ተቀበለች። ጸሐፊዋ፣ "አንቺ እኮ መንካት አይፈቀድልሽም" አለቻት።

"አውቃለሁ" አለችና እስክሪብቶውን ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

ሽማግሌው የሁለት ቁጥሯን ሊሰርዙ እጃቸውን ሲያነሱ ያዘቻቸው። "አይሰርዟት። ከጎኗ ይጻፉ።"

ሰባት ብለው ጻፉ። ዩላን ከሁለቱ ቁጥሮች ሥር፣ "ሕመማቸውን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችና ስሟንና ሰዓቱን አስፍራ ፈረመች።

"እትዬ ሄ ምን ትለኛለች?" አሉ ጋሽ ፔንግ።

"ነገ ግቢያችሁ መጥቼ እኔው እነግራታለሁ። ለጊዜው ይቀመጡ።" የሚገፋውን ባለ ጎማ ወንበር አቀረበችላቸውና ወደ መምህሯ ከመሄዷ በፊት ወደ አጥንት ሕክምናው ፎቅ ልትወስዳቸው ሊፍቱን ጠራች።