የኡኡታ ልጆች

«መጡ!» አለች ኑርጃን ከፍራሹ ላይ ግማሽ ተነስታ። «ቦጋለች፣ ልጅቱን ወደ ጓዳ አስገቢልኝ። ቶሎ በይ!»

ጎረቤቷ ቦጋለች አንገቷን አስግጋ በበሩ በኩል ወደ ድንኳኑ አየች። ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የተኛ ሁለት ወጣቶች ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ እያሉ ገብተው ከዳር ባለው አግዳሚ ተቀመጡ።

«እኔ ደሞ እነማን መጡ ብዬ! ቢተውና ሳዲቅ አይደሉም እንዴ? ንፍጣቸውን የጠረግሽላቸው ልጆች?»

«እነሱው ናቸው። እሱንም የወሰዱብኝ እነሱው ናቸው።»

«ሐዘናቸውን እዩልኝማ!» አለች ከወግዲ ለለቅሶ የመጣች ዘመድ ዓይኗን እየጠረገች። «ከላይ እስከ ታች ጥቁር!»

«እነሱ ሰርግ ሲጠሩም ይኸንኑ ነው የሚለብሱት» አለች ቦጋለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አንዷ ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፍና ሳል አስመሰለችው።

ኑርጃን አልሳቀችም። ከግድግዳው ሥር ጉልበቷን አቅፋ ወደተቀመጠችው የልጅ ልጇ ወደ ሰልሰቢል አየች። ልጅቱ ወንድሟ ኸባብ ከተቀበረ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። ቃልም አልተነፈሰችም። ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ተነሽ ሲሏት ትነሳለች። ጠዋት ቁርኣን ሊቀሩ የመጡት ሸህ ሀቢቡላህ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ማሻአላህ! ሶብር፣ ትዕግሥት ማለት እንደዚች ልጅ ነው። ከሷ ተማሩ» ብለው አመስግነዋታል። ሴቶቹም ራሳቸውን ነቅንቀዋል። ለኑርጃን ግን ያ ዝምታ ሶብር አይመስላትም። ሰልሰቢል ዝም ማለት የማትችል ልጅ ነበረች። ስትተኛ እንኳ የምታወራ፣ ስትበላ በማንኪያ ሳህን የምትመታ።

ኑርጃን የነጠላዋን ጫፍ ዳበሰች። የመጋዘኑ ቁልፍ እንደተቋጠረ ነው።

*

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከጅዳ በመጣ ሻንጣ ነበር። የኸባብና የሰልሰቢል እናት ባሲማ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። ኸባብ ያን ጊዜ ገና ድምፁ እየጎረነነ የመጣ ጎረምሳ ነው። ሻንጣው ውስጥ፣ ከልብሱና ከተምሩ መሀል፣ በሻርፕ የተጠቀለሉ ካሴቶች ነበሩ። የአሠሪዎቿ ልጅ የጣላቸው ናቸው። ባሲማ የፈረንጅ ጽሑፉን ማንበብ ስለማትችል ነሺዳ፣ የሃይማኖት ዜማ፣ መስለዋት «እምዬ እየሰማች ዱዓ ታድርግልኝ» ብላ ላከቻቸው። ኑርጃንም ደስ ብሏት ጎረቤት ጠራች። ሰው ተሰብስቦ፣ ጫማ ተወልቆ፣ ጸጥ ተብሎ ቴፑ ተከፈተ።

በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ነበር የሚመስለው። በበረዶው መሀል ደግሞ አንድ ሰው እየታረደ ይጮኻል። እንግዶቹ «አዑዙ ቢላህ!» እያሉ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ።

ኸባብ ብቻ ቀረ። ቴፑ ፊት ተንበርክኮ፣ አፉ እንደተከፈተ።

ከዚያ በኋላ አያቱ ልትመልሰው አልቻለችም። ይህ ሄቪ ሜታል ይባላል ብሎ ነገራት፤ ስሙም አስፈራት። ቢተው ያገለገለ ጊታር ከደሴ አስመጣ። ሳዲቅ ከሬዲዮ ጠጋኝ አጎቱ ሱቅ የተጣለ ማጉያ ሰብስቦ ገጣጠመ። ሰልሰቢል የፊት ጥርሷ እንኳ በቅጡ ሳይበቅል የናፍጣ በርሜል ደፍታ በሁለት እንጨት ትደበድብ ጀመር። ኸባብ ደግሞ የእድሩን ለፋፊ ለምኖ፣ ሞት የሚነገርበትን የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። የኑርጃን ባል በሕይወት ሳለ ገብስ ያከማችበት የነበረው የጓሮው የቆርቆሮ መጋዘን ባዶውን ነበርና እዚያ ገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ኸባብ ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

መንደሩ ተነቀለ። ቦጋለች ወገቧን አስራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንደተጣበቀ «ወየው! ማን ነው? ማን ነው?» እያለች ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ከኋላዋ ሌላው፣ ደረቱን የሚደቃ፣ ገና ከመንገዱ ጀምሮ የሚያለቅስ። አንድ ሽማግሌማ መቃብር ቆፋሪ እንዲጠራ ሰው ልከው ኖሯል። በሩ ሲከፈት አራት ልጆች ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል።

ቦጋለች ጫማዋን አውልቃ ኸባብን ጀርባውን ጠፈጠፈችው። «አንተ የተረገምክ! ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?»

«ለሌላ ቀን አስቀምጭው፣ እትዬ ቦጋለች» አለ እየሳቀ።

መንደሩ ከልጆቹ ጋር ሳቀ። የባንዱም ስም በዚያው ‹ኡኡታ› ሆነ። ኑርጃን ግን ያን ሌሊት አልተኛችም። በቤቷ ላይ ለቅሶ ተጠርቷል፤ የጠሩት ነገር ይመጣል ብላ ፈራች። ከዚያ ወዲያ ልምምድ በያዙ ቁጥር መጋዘኑ ደጃፍ ትቆምና መዳፏን በቆርቆሮው በር ላይ ታሳርፋለች። በሩ ከተንቀጠቀጠ ልጆቹ ደህና ናቸው። የሚያስደነግጣት ሲቆም ነው።

«ኸባብ!»

«ውሃ እየጠጣሁ ነው፣ እምዬ!»

«ታዲያ ጠጥተህ ቀጥላ!»

*

«ሰማሽ?» አለች ቦጋለች ተመልሳ ከጎኗ እየተቀመጠች። አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «የሳዲቅ እናት ናት ያወራችኝ። አዲስ አበባ ትልቅ መድረክ አለባቸው አሉ። ሰው ምን ይላል መሰለሽ፣ ልጅቱን በወንድሟ ቦታ ሊያቆሟት…»

«በወንድሟ ቦታ?»

«ከእኔ እንዳልሰማሽ ሁኚ እንጂ…»

«የወንድሟ ቦታማ መሬት ውስጥ ነው!» ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ። ሴቶቹ ዞር አሉ። ኑርጃን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

መንገዱን ታውቀዋለች። መጀመሪያ መጋዘኑ ነው። ከዚያ የትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ አልቆ ኸባብ በባዶ ጉሮሮው የጨረሰበት። ከዚያ የመካነ ሰላም ሜዳ፤ ከደጎሎ ድረስ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ጎረምሶች ራሳቸውን እንደ እብድ ሲወዘውዙ እሷ ከዳር ሆና፣ አንገታቸው ይቀነጠሳል ብላ፣ ከቁርኣን ያሲንን ቀራች። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ቀበሌ ጠራቸው።

«የምትጮኹት በማን ላይ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«በማንም ላይ አይደለም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ሰው ይጮኻል?»

ኸባብ አሰበና «እርስዎ አንድም ቀን አሰኝቶዎት አያውቅም?» አላቸው። ሊቀመንበሩ መዝገባቸውን ከደን አድርገው ሂዱ አሉ። ኑርጃን ይህን ሰማች። ልጁን ከዚህ መንገድ መልስልኝ ብላ ስለት የገባችው ያን ቀን ነው።

ደሴ ሲሄዱ ሰልሰቢልም ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በር ላይ ቆመች። ኑርጃን ፌስታሉን ነጠቀቻት። «አንዱን ወስዳችኋል። ይችን ተዉልኝ!» አለች። ደሴ ላይ ሌላ ድራም መቺ አገኙ፤ ሰልሰቢል ከበርሜሏ ጋር ቀረች። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሬዲዮ። ሬዲዮው ‹ኡኡታ› ብሎ ስማቸውን በጠራ ዕለት ኑርጃን ሬዲዮኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ሰማች። ከሚለው አንድ ቃል አልያዘችም። እሷ ያዳመጠችው ጉሮሮውን ነበር፤ ቆስሎ እንደሆነ።

ለበዓል ሲመጣ ጠየቀችው። «ግን ለምንድን ነው? ጥሩ ድምፅ እያለህ።»

ኸባብ ትንሽ ሳለ መብረቅ የሚፈራ ልጅ ነበር፤ እሷ ጉያ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ። «እምዬ፣ አንቺ ስትፈሪ ዝም ትያለሽ» አላት። «እኔ ስፈራ እጮኻለሁ። ከጮህኩ በኋላ ይለቀኛል። አንቺን ግን አልለቀቀሽም።»

*

ለአረፋ ኸባብ ከጓደኞቹ ቀድሞ ብቻውን ወደ ቤት ተነሳ። ዝናብ ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ ከአቀስታ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ።

መርዶውን ያመጡት ሁለት የእድር ሰዎች በቀን ነበር የመጡት። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከአቋቋማቸው አወቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራ ዝም ያለችው ኑርጃን ጮኸች። ጎረቤት እስኪሰማ፣ ሰማይ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

ማንም አልመጣም።

ደግማ ጮኸች። አጥሩን አየች፣ በሩን አየች። በዚያ መንደር ኡኡ ያለ ሰው ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ቀና ብላ አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቦጋለች እንኳ አጥሯ ሥር ምስር እየለቀመች «ልጆቹ ለአረፋ ገቡ መሰለኝ» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ይህን በቀብሩ ዕለት ኑርጃን እግር ላይ ወድቃ ራሷ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ኑርጃን ፍራሽ ጫፍ ላይ ነው የምታድረው።

መንደሩ የነቃው ሰልሰቢል ነጠላ አዘቅዝቃ፣ ባዶ እግሯን፣ ድምፅ ሳታወጣ መንገዱ መሀል ላይ ስትቆም ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልተናገረችም።

ኑርጃን በዚያው ዕለት መጋዘኑን ቆለፈችው።

*

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ወጣቶቹ ከድንኳኑ ተነስተው ወደ ቤቱ ደጃፍ መጡ። ኑርጃን ቀድማ ወጣችና በሩን በሰውነቷ ሞላችው።

«አልሰጣችሁም» አለች።

ቢተው ግራ ገባው። «ምኑን፣ እትዬ ኑርጃን?»

«ልጅቱን! ሰምቻለሁ። መድረክ፣ አዲስ አበባ… እኔ ሞኝ ነኝ? አንዱን በጀናዛ መለሳችሁልኝ!»

ሳዲቅ ፊቱን አዞረ። ቢተው ግን እያያት ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«መድረኩን ሰርዘነዋል። ባንድም የለም። ኸባብ የሌለበት ምን ኡኡታ አለ?» አለ። «እኛ የመጣነው በርሜሉን ልናይ ነበር። ገብተን ትንሽ ልንቀመጥ። ተቆልፎ አገኘነው።»

«ሰው የሚያወራውስ?»

«ሰው ያወራል፣ እትዬ። ሰልሰቢልን አንድ ቃል እንኳ አላናገርናትም። ጠዋት በዚህ ስናልፍ ግን በመስኮት አየችን። በጣቷ ወደ መጋዘኑ አሳየችን። ከዚያ…» ሁለት መዳፎቹን ወደ ታች ደጋግሞ አወረደ፤ በርሜል እንደሚመታ ሰው። «ምን እንዳለች እርስዎ ያውቃሉ።»

ኑርጃን ወደ ኋላዋ ዞረች። ሰልሰቢል ከጓዳ ወጥታ ቆማለች። የምታየው ወጣቶቹን አልነበረም፤ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ከዚያ መጋዘን ነው የሚነሳው። ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ መድረክ፣ ከዚያ ያ ቁልቁለት። ቁልፉን ካልፈታች ልጅቱ ከዚህ አትንቀሳቀስም፤ ግድግዳው ሥር ጉልበቷን አቅፋ፣ ብይ ሲሏት እየበላች፣ ደህና ሆና፣ ዝም ብላ ትኖራለች። እንደ እሷ። ስትፈራ ዝም እያለች፣ ፍርሃቱም ሳይለቃት እስከምታረጅ።

ቋጠሮው እምቢ አለ። በጥርሷ ፈታችው።

«ዛሬ ብቻ ነው» አለች ቁልፉን ልጅቱ መዳፍ ላይ እያስቀመጠች። ወዲያው ደግሞ፣ «በሩ ሥር ምስማር አለ፣ እግርሽን እንዳይወጋሽ» አለች።

ሦስቱ ልጆች ገቡ። የቆርቆሮው በር ተዘጋ። ኑርጃን ደጃፉ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ምት፣ ቀስ ብሎ፣ በሩን እንደሚያንኳኳ እንግዳ። ሌላ። ከዚያ በርሜሉ እንደ ነጎድጓድ ተከታተለ፤ በነጎድጓዱ መሀል ሰልሰቢል ጮኸች። የተዘጋ ነገር ሲቀደድ እንደሚሰማው ነበር፤ ሻካራ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ልቅሶ የሚሰበር።

ድንኳኑ ተናወጠ። ሸህ ሀቢቡላህ ከዘራቸውን ይዘው ፈጥነው መጡ። «ኑርጃን! ምንድን ነው ይኸ? የለቅሶ ቤት አይደለም?»

«ነው እንጂ ሸህ» አለች ሳትነቃነቅ። «ታለቅስ። ይተዉልኝ።»

ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። «አላህ ልቧን ያጽናው» ብለው ቀስ ብለው ተመለሱ።

ከኋላቸው የሩጫ ኮቴ መጣ። ቦጋለች ነበረች። ከቤት እስከ ጓሮ ጥቂት እርምጃ ነው፤ እሷ ግን ወገቧን አስራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ነበር የደረሰችው። ከእሷ ኋላ በመንገዱም በአጥሩም ሰው ይሮጣል። መንደሩ ሁሉ መጣ።

«መጣሁ!» አለች እያለከለከች። «መጣሁ፣ ኑርጃን፣ ሰማሁ!»

የኑርጃን መዳፍ በቆርቆሮው ላይ ነበር፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። በሌላው እጇ የቦጋለችን እጅ ያዘችና፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ከራሷ መዳፍ አጠገብ በሩ ላይ አሳረፈችው።