ሰሙ ድንች

ሞጣ ያለው የምርምር ክፍላችን ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ውስጡ መደርደሪያው ገና ባዶ ነበር። በክረምት ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ እንዲቋቋም ዘረመሉ የተለወጠው ድንች የሚመጣልን ፈቃድ ስናገኝ ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከአዲስ አበባ መጡ። የበሩን ጎማ በጣታቸው ዳሰሱ፤ የፍሳሹን ማጠራቀሚያ አስከፈቱ፤ ቆሻሻው በእንፋሎት የሚቀቀልበትን ማሽን አስነሡ። ጉድለት አላገኙም። ከዚያ ጫማዬን አዩ።

«ቤተሰቦችህ ድንች ያመርታሉ?»

«አባቴ፣ ቢቸና። ሲመቸኝ እሄዳለሁ።»

«እንግዲህ ይህን ሥራ እስከያዝህ ድረስ ድንች ማሳ አትገባም። ቅንጣቢ በሶልህ ተለጥፋ ብትወጣና እዚያ ብትበቅል ማን ይለያታል?»

እውነታቸውን ነው። እኔም በቦታቸው ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ከእኔ ጋር የሠለጠነችው ዘይዳ ባሕር ዳር ተዛውራለች፤ የሚተካኝ የለም። ፈረምሁ። የቢቸናው ቤታችን ግን ከድንች ማሳው መካከል ነው።

አባቴ አለቃ አካለ ወልድ ቅኔ ያስተምራሉ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በስልክ ነገርኋቸው።

«ነገርዬውን ምን ይሉታል?»

«በአዋጁ ልውጥ ሕያው ነው የሚባል።»

«ጥሩ ቅኔ ነው። ሰሙ ድንች፣ ወርቁ አንተ።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

የድንቹ ችግኝ የበቀለባቸው ብልቃጦች መጡ። ቀኔን ከእነሱ ጋር አሳልፋለሁ። የገበያ ቀን የሞጣ ጫጫታ ሁለቱን በር አያልፍም፤ የሚሰማኝ የአየር ማጣሪያው ድምፅ ብቻ ነው። ማታ የተከራየኋት ክፍል ስገባ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል። በዓል መጣ፣ አለፈ።

ሐምሌ ላይ አባቴ ደወሉ።

«ና። ጤፍ ዘርቼበታለሁ።»

«ድንቹስ?»

«ነቀልሁት።»

«ሳይደርስ?»

«አንተስ መቼ ደረስህ?»

ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን ያለው ቀጭን መንገድ በጎረቤታችን በየኔሰው ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

«አባዬ፣ የየኔሰውስ ዘንድሮ ምንድን ነው?»



«እሱም ድንች ነው» አሉ። «የሰው ማሳ አልነቅል። በል፣ እኔ አስፋልቱ ድረስ እወጣለሁ።»

ሚኒባሱ ቢቸና ሳይገባ መንገድ ዳር አወረደኝ። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው የየኔሰው ድንች አብቧል። ልስማቸው ስጠጋ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የላስቲክ ጫማቸው ውኃ ያንጠባጥባል።

«እጄንም እግሬንም ታጥቤያለሁ» አሉኝ።