በወ የሚጀምር

ሊሻን መቀመጥ አቅቷታል። እናቷን ፋንታዬን ከሺንሺቾ ሆሳዕና ሆስፒታል ድረስ አምጥታታለች፤ ፋንታዬ ከነርሷ ከሲስተር ከበቡሽ ፊት ለፊት ቁጭ ብላለች። የዛሬው የማስታወስ ምርመራ ካላማረ፣ ወንድሟ ፍፁም እናታቸውን ከጓሮዋ ነቅሎ ሐዋሳ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ሊያስቀምጣት ቆርጧል።

የሊሻን ሐሳብ ሌላ ነበር። ኮሌጅ ባትረግጥም በስልኳ ያላነበበችው የለም። የአንጎል ነርቮች ሲነጋገሩ አንድ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ መጋጠሚያቸውን የሚያጸናው፣ ትዝታ የሚያቆየው እሱ ነው፤ ሰው ሲራመድና አዲስ ነገር ሲማር ይበረክታል። ለፍፁም ስታስረዳው፣ ፍግ ማለት ነው፣ እንሰት ያለ ፍግ ይኮስሳል፣ ያንተ ሶፋ ደግሞ ፍግ የለውም ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷን በየማለዳው ታስኬዳታለች፤ ፊደልም ታስቆጥራታለች። ወ ላይ ሲደርሱ ፋንታዬ ዘላው ታልፋለች።

ሲስተር የወፍ ሥዕል አሳየቻት። "ይሄ ምንድነው፣ እማማ?"

ፋንታዬ ብዙ ቆይታ "በራሪ" አለች። ወንበሩን መቀመጫ፣ ወተቱን ነጩ አለችው። ሲስተር፣ ቃላት እየጠፏቸው ነው አለች በሐዘኔታ።

ሊሻን ጣልቃ ገባች። "አልጠፏትም። የአማቷ ስም ወልደሰንበት ነው።"

ሲስተር ግንባሯን መታ አድርጋ ሳቀች፤ የራሷም አያት እንዲህ ነበሩ። የከምባታ ደንብ፣ ባሊሻ ነው፦ ያገባች ሴት የአማቷን ስም ይቅርና በስሙ መነሻ የሚጀምር ቃል ከአፏ አታወጣም። ፋንታዬ ከከምባትኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር ደንቡን አዝላው ተሻገረች። ሥዕሎቹ ተለወጡ፤ ቁልፉንም ዝሆኑንም መሰላሉንም በስማቸው ጠራች። ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው፣ ክረምቱ ሲወጣ መልሰሽ አምጫቸው አለቻት ሲስተር።

ሊሻን ሻይ ቤት እንደገቡ ፍፁም ጋ ደወለች። ከሙሽርነቷ ጀምሮ አንዲት ቃል ያላመለጣትን ሴት ነው ወይ ረሳች የምትለኝ እያለች ልቡን አወለቀችው።

ፋንታዬ አስተናጋጇን ጠራች። "ልጄ፣ ትኩስ ወተት አምጪልኝ።"

ሊሻን ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች። "እማዬ፣ ምን አዘዝሽ?"

"ወተት ነዋ።"

"የአያቴ ስም ማን ነው?"

ፋንታዬ ተቆጣች። "አንቺ ባለጌ፣ የአማቴን ስም እኔ ነኝ የምጠራው?"

ደንቡ አለ። ከቃሉ ጋር ያሰረው ክር ነው የላላው፤ ያ ሁሉ ዘመን የተረገጠ መንገድ ሣር ጀምሮታል። ፍፁም በስልኩ ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። ሊሻን የሰማችውን ልትደብቀው ምንም አልቀራትም።

"ሲስተር ደህና ናት ብላለች" አለችው በመጨረሻ። "አሁን ግን አንድ ቃል አመለጣት፤ በጆሮዬ ሰማሁ። የምነግርህ እንድትወስዳት አይደለም። ና፣ አብረሃት ተራመድ።"

ወተቱ ሲያልቅ በር ላይ የሚጠብቃቸውን ባጃጅ ሸኘችው። መናኸሪያው ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም በርትቷል። የእናቷን ክንድ ይዛ፣ "ፊደል ቁጠሪልኝ" አለቻት። ወ ላይ ስትደርስ ትዘለው እንደሆነ ለመስማት ጆሮዋን አቁማ ሄደች።