ሕግ ወይስ ከብት

መዝገቡ ላቡ በጀርባው እየወረደ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሦስት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያያል። አንዱ የሕግ ነው፤ አንዱ የእንስሳት ሕክምና፤ አንዱ ደግሞ የድልድይ ሥራ። የደረደረቻቸው የስደተኞችን ጉዳይ ከሚመረምረው ኮሚሲዮኔ የመጣችው ጣሊያናዊት ሴትዮ ናት፤ ጥገኝነት ይሰጠው አይሰጠው የምትወስነው እሷ ናት።

«ተማርኩ ላለኝ ሁሉ የማቀርባቸው ናቸው፤ የተማሩትን ይምረጡና አንድ ገጽ ያስረዱኝ» አለች። ቃሏን ያደረሰችለት አስተርጓሚዋ ሲኒት ነበረች፤ አዲስ አበባ ያደገች ኤርትራዊት።

እንዲህ ያለውን ጉድ ጋሽ ተስፎም እንኳ አልነገሩትም። ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ አብረውት የሚኖሩት እኚህ ሽማግሌ ለኮሚሲዮኔ ያላስጠኑት ስደተኛ የለም። «አንተ ልጅ፣ ስለ ላም ታሰርኩ ብትል ማን ያምንሃል? ይስቁብሃል። የሕግ ተማሪ ነበርኩ፣ ሰልፍ መራሁ በል» ብለው መፈክሩን ሳይቀር አስጠኑት። ዛሬ ከአናኛና ጣቢያ በሜትሮ ባቡር ሲመጣ ሲደጋግመው ቆይቶ፣ ለሴትዮዋ አንበለበለው።

እውነቱ ግን መዝገቡ የከብት ሐኪም ነው። ወታደሮች ከገበሬ የነዱትን ከብት ሊሸጡት ፈልገው «ጤነኛ ነው ብለህ ፈርም» ቢሉት «የሰው ንብረት ነው» ብሎ እምቢ አለ። ያሰሩት ለዚህ ነው።

እጁን ወደ ሕጉ ሰደደ። ከፍቶት ምን ሊል ነው? አንዲት አንቀጽ አያውቅም። የከብቱን ቢያነሳ ደግሞ ውሸታም ነው፤ ውሸታም ከተባለ ወደ አገሩ ሊመልሱት ነው፤ እዚያ የሚጠብቁት ደግሞ እነዚያው ወታደሮች ናቸው። ፈራ፤ እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም።

የከብቱን መጽሐፍ ጎተተ።

«የኔ ይኼ ነው። ሕግ ተምሬ አላውቅም። ዋሽቻለሁ።»

ሲኒት ተረጎመች። ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች።

«ለምን ዋሹ?»

«ስለ ላም ተሰደደ ቢባል የሚያምን የለም ብዬ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች ሴትዮዋ፤ «አሁንም ላላምንዎት እችላለሁ። ግን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ምን ያድርግ? ያልሆነውን እንደ ዳዊት ሲደግም ከርሟል፤ የሆነውን ግን ለእናቱ እንኳ ተናግሮት አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር አያውቀውም። ቀና አለ።

«አንደኛዋ ላም እርጉዝ ነበረች» አለ።