በማንቆርቆሪያ የተፈተነው ጌጅ

ሐሙስ ጠዋት፣ ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት፣ የመኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ አራት ጌጆች ነበሩ፦ የፍጥነት፣ የሞተር ዙር፣ የዘይት ግፊትና የውኃ ሙቀት። ነዳጁን የምለካው በእንጨት ዘንግ ነው። በውኃው ጌጅና በቁልፉ መካከል ስልሳ አንድ ሚሊሜትር ባዶ እንጨት አለ። ልጨምረው የፈለግሁት የዘይት ሙቀት ጌጅ ወርዱ ሃምሳ ሁለት ነው። በግራ አራት ተኩል፣ በቀኝ አራት ተኩል ይተርፋል። ሦስት ጊዜ ለካሁት።

መኪናዋ በ1954 የተሠራች፣ ጣሪያ የሌላት፣ ባለ ሁለት ወንበር አረንጓዴ ናት። ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻው የሃርኮምብ ዳገት ውድድር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያን ዳገት ከአርባ ስምንት ሰከንድ በታች ልወጣው ሞክሬ አልቻልኩም። ባለፈው መስከረም ተሳካልኝ ስል ሞተሩ ብሮንዚኑን፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ስስ የብረት ልባስ፣ በላ። ጥፋቱ የኔ ነበር። የውኃው ጌጅ ሞቋል ሲለኝ አመንኩት፤ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፣ ዘይት ግን ይዘገያል። እኔም ወፍራም ቀዝቃዛ ዘይት ይዤ እስከ ወለሉ ረገጥኩ። አሁን ሞተሩ ውስጥ ያለው ብሮንዚን በልኩ የተገኘ የመጨረሻው ነው። ይሄም ከሄደ መኪናዋ የጋራዥ ጌጥ ሆና መቅረቷ ነው። ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ ዘይቱ ሰባ ዲግሪ ሳይደርስ አልረግጥም።

የዳሽቦርዱን እንጨት የሠራው ወንድሜ ላይነል ነው፤ አናጢ ነው። መብሻውን፣ ትራፓኑን፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ቆመ።

«ይሄን እንጨት ሦስት ሳምንት ነው ያሸሁት። አሁን ደሞ በገዛ እጄ ልብሳው?»

«ብሳው። ካበላሸኸው ሌላ ሦስት ሳምንት ታሻለህ።»

«ስልሳ ስምንት ዓመትሽ ነው፣ ሄስተር። እኩዮችሽ እኮ ጽጌረዳ ነው የሚከረክሙት።»

«ጽጌረዳ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?»

ሳቀና ጎንበስ አለ። እሱ ሲበሳ እኔ ጌጁን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ከጌጁ ጀርባ ረጅም፣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ጣት የምታህል ፍሬ አለች። ዘይቱ ውስጥ ገብታ ሙቀቱን የምትናገረው እሷ ናት። ማንቆርቆሪያውን ክዳኑን አንስቼ አፈላሁት፤ ፍሬዋንና የማርማላታ መሥሪያ ቴርሞሜትሬን ጎን ለጎን ነከርኩ።

ቴርሞሜትሩ መቶ አለ። ጌጁ ዘጠና አራት።

እሳቱን አጥፍቼ ውኃው ሲቀዘቅዝ ተከታተልኩ። ዘጠና ላይ ሰማንያ አራት አለ። ሰማንያ ላይ ሰባ አራት። ሰባ ላይ ስልሳ አራት። ልቤ ዘለለ። ጌጁ ይዋሻል፣ ግን ሁልጊዜ በስድስት! እንዲህ ያለ ውሸታም ይታመናል። ስልሳን ልጠብቅ ስል ስልክ ጮኸ። የውድድሩ ክለብ ነበር፤ ተራዬ አሥራ አራተኛ መሆኑን ነገሩኝ። ሦስት ደቂቃ ብቆይ ነው።

በኛ አገር ትኩስ ማንቆርቆሪያ ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ያገኘው ሁሉ ሻይ ያደርገዋል። ስመለስ ፍሬዋና ቴርሞሜትሩ ፎጣ ላይ ተጋድመዋል፤ ላይነል ሁለት ኩባያ ላይ ወተት እየጨመረ ነው።

«ላይነል! ውኃዬስ?»

«መልሼ አፍልቼው ሻይ ሆነ። ምነው?» አንዴ ፉት አለና ፊቱ ተጨማደደ። «ቆይ... ይሄ ሻይ የብስክሌት ሰንሰለት ሰንሰለት አለኝ።»

«ፍሬዋ ግራሶ ነበራታ!»

«የእናታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ? አንቺ ሴትዮ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለሽም?»

ያም ሆኖ ኩባያውን ጨረሰ። የኔን ግን ደፋሁት፤ እስከ ዛሬም ይቅር አላለኝም።

ለስልሳው እንደገና ማፍላት ነበረብኝ፤ ግን ቀዳዳው አልቆ ነበር፣ እኔም መታገስ አልቻልኩም። ከሰባ በታች ጌጁ ስንት እንደሚዋሽ ሳላውቅ ቀረሁ። ፍሬዋን በቀዳዳው አሳልፈን፣ ቱቦውን ሳናጥፍ ወደ ሞተሩ መራነው፤ ጌጁ ቦታው ላይ «ቀጭ» ብሎ ተቀመጠ። ማስመሪያ አመጣሁ። በግራ አራት ተኩል፣ በቀኝ አራት ተኩል።

ቅዳሜ ሃርኮምብ ላይ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከፊቴ ያሉት ሁለት ሰዎች ከውድድሩ ወጡና ሳልዘጋጅ ተጠራሁ። መነሻው መስመር ላይ ስደርስ አዲሱ ጌጅ ስልሳ ይላል። አረንጓዴው መብራት በራ።

«አንድ ደቂቃ አለሽ፣ የኔ እመቤት» አለኝ መስመሩን የሚጠብቀው ፔንደል። «ካለፈ ተራሽ ተቃጠለ።»

ሞተሩን ቆሜ አስጮህኩት። ስልሳ አንድ።

«ሂጂ እንጂ!» ላይነል ከአጥሩ ማዶ ኮፍያውን ያወናጭፋል። «ውኃው ሞቋል!»

«ውኃውን ማን ጠየቀው!»

ስልሳ ሁለት። ምናልባት እዚህ ላይ የሚዋሸው በስምንት ይሆናል፤ ምናልባት በሦስት። አላውቅም፤ ያ ቁጥር በሻይ መልክ ወንድሜ ሆድ ውስጥ ገብቷል።

«ሃያ ሰከንድ» አለ ፔንደል።

ስልሳ ሦስት። ፍሪሲዮኑን ረግጬ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ።

«አሥር። ሴትዮ፣ ዳገቱ ወዳንቺ አይመጣም!»

መርፌው ስልሳ አራትን ነካ።

ለቀቅኩት። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነከሱና ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ። በመጀመሪያው ኩርባ ጭቃ ነበረ፤ የኋላው ሸተት አለ፤ በመሪ መለስኩት፣ እግሬን ግን አላነሳሁም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ። ዛፎቹ አረንጓዴ ግድግዳ ሆኑ። የሞተሩ ድምፅ ልክ እንደ ስፌት መኪና ሳይቆራረጥ ይሮጣል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ፍሬን የምይዝበት ግንድ መጣ፤ አልያዝኩም። ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መጨረሻውን መስመር አልፌ ስቆም የዘይት ግፊቱ ቅንጣት አልወረደም፤ አዲሱ ጌጅ ሰባ ስምንት ይል ነበር፣ ማለትም ሰማንያ አራት።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። «አርባ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት!»

ላይነል ዘጠኝ መቶ ሜትሩን ዳገት ሮጦ ወጣ። መተንፈስ አቅቶት ኮፈኑ ላይ ተደገፈ። «በሻዬ ነው» አለ። «በኔ ሻይ ነው ያሸነፍሽው!»

ብሮንዚኑ ግን ገና አልመሰከረም። እሑድ ጠዋት ዘይቱን አውርደን በነጭ ጨርቅ አጠለልነው፤ የተበላ ብሮንዚን ዘይቱ ውስጥ ብረት ይረጫል። ጨርቁን መስኮት ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር ጥግ እስከ ጥግ አየሁት። ከአራት ሊትር ተኩል ዘይት የቀረው ነፋስ ያመጣው አንድ የሣር ዘር ብቻ ነበር፤ ርዝመቱ ሦስት ሚሊሜትር።