የሰው አክታ

በሽተኞቹ «አቶ ሳል» ይሉታል። ከሆስፒታሉ ጓሮ ባለው የጥናት ክፍል፣ በትንሿ መስኮት በኩል ክዳን ያላትን የፕላስቲክ ኩባያ የሚያድለውና መልሶ የሚቀበለው እሱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራው ሰው ማሳል ነበር። «ምራቅ አይደለም፣ አክታ ነው የምፈልገው! ከሆድህ ሳብ፣ ያዝ፣ አሁን ሳል!» ይላል። የሰውን አሳሳል ሰምቶ ብቻ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ከሌለበት ይለያል፤ ብዙ ጊዜም ይቀናዋል። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተሯ፣ «አንተ ካለህልን ማይክሮስኮፑ ምን ያደርግልናል? ሸጠን እንገላገለው» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሷ ቀልዳ ትረሳዋለች። እሱ ግን ቃሏን እንደ ሹመት ይዞት ይዞራል።

ጥናቱ የሳንባ ነቀርሳን በስድስት ወር ፈንታ በአራት ወር ማዳን ይቻል እንደሆነ የሚፈትሽ ነው። መግቢያ በሩ አንድ ብቻ ነው፤ የበሽታው ተህዋሲያን አክታው ውስጥ መታየት አለባቸው። ያልታየበት ሰው ወደ ሌላ ምርመራ ይላካል እንጂ የጥናቱን መድኃኒት አያገኝም።

የአቶ ሳል ታላቅ ወንድም ፍራሽ አዳሽ ነው። የሻገተ አሮጌ ፍራሽ ቀዶ፣ ጥጡን አራግፎና ነድፎ መልሶ ይሰፋል። ከክረምቱ ወዲህ ያስለዋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ከመክሳቱ የተነሳ ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። በወጣትነቱም አንድ ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ፣ ታክሞ ድኗል። አቶ ሳል «ያው የድሮው በሽታ ተነስቶበት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» ብሎ እጁን ይዞ ወደ መስኮቱ አመጣው።

ሦስት ቀን፣ ሦስት ኩባያ ተቀበለው። ሦስቱም ውስጥ ያለው ምራቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ከሆድህ ሳብ እንጂ!»

«ሆድ የት አለኝና?» አለ ወንድሙ ግድግዳውን ተደግፎ። «ሚስቴን ጠይቃት፤ የትኛው ጀርባዬ የትኛው ሆዴ እንደሆነ ግራ ገብቷታል።»

ውጤቱ ሦስት ጊዜ «አልታየም» ብሎ መጣ። ዶክተሯ «ራጅ ይነሳ» ብላ ጻፈችለት። ራጅ ክፍሉ ደግሞ ተራው ስለበዛ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀጠረው። የጥናቱ ምዝገባ የሚዘጋው አርብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጣ። ገና ከበሩ ሲያስል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ ማለት ይቻላል። ኩባያውን በአንድ ትንፋሽ ሞልቶ መለሰ። አቶ ሳል ተቀብሎ፣ ትንሽ አሰብ አደረገና ሌላ ኩባያ ዘረጋለት።

«አንድ ድገምልኝ።»

«ምነው፣ ጣፈጠህ እንዴ?» አለ ሾፌሩ። ደግሞ ሰጠው።

ሁለተኛው ኩባያ ላይ የወንድሙን ቁጥር ለጠፈበት፤ መቶ አሥራ አራት። ዶክተሯንም «ጀርባውን መትቼ አክታ አወጣሁለት» አላት። ውሸት የሠራ አልመሰለውም፤ እውነቱን በአቋራጭ ያደረሰ ነው የመሰለው።

አርብ ዕለት «ታይቷል» ተባለ፤ ወንድሙ ፈርሞ ገባ፤ ራጁም ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ ቀረ። የወንድሙ ሚስት መድኃኒቱን በከረጢት ታቅፋ፣ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር! ወንድም ይብዛ የሚባለው ለዚህ ነው» ብላ መረቀችው።

ሁለት ወር አለፈ። በሁለተኛው ወር ምርመራ ዶክተሯ ወረቀት እያውለበለበች ወደ መስኮቱ መጣች።

«ወንድምህ ጉድ ነው! አንዲት ተህዋስ እንኳ አልቀረችበትም። ጀርባውን መትተህ አክታ ያወጣህለት ሰው፣ ይኸው ነጻ!»

«ኪሎው ግን እየቀነሰ ነው፣ ዶክተር።»

«ኪሎ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። መድኃኒቱም ያስመልሳል፣ ታውቀዋለህ።»

እሱ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነበር። ተህዋሲያኑ የታዩት ሾፌሩ አክታ ውስጥ ነው። ወንድሙ ጋ አሁን የለም ማለት፣ ያኔም አልነበረም ማለት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይህን ሰው የሚያቀልጠው ምንድን ነው? ይህን መጠየቅ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ሥራውን እንዳያጣ ፈራ፤ የዶክተሯን ዓይን ፈራ፤ ደግሞም ምናልባት ኪሎው ይመለስ ይሆናል አለ። ዛሬ ነገ ሲል አሥራ አንድ ቀን ሄደ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የወንድሙ ሚስት ጫማዋን እንኳ አስተካክላ ሳታደርግ መስኮቱ ላይ ደረሰች።

«ደም! ድረስልኝ፣ በሳህን ሙሉ ደም ተፋ!»

ወንድሙን አስመጥቶ አልጋ እንዲያዝለት ካደረገ በኋላ ወደ ዶክተሯ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ዶክተር፣ የመቶ አሥራ አራት የመጨረሻው ኩባያ የእሱ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የሾፌሩ። እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስንት ሰው ላይ?»

«እሱ ላይ ብቻ።»

«እንዴት ብዬ ልመንህ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን አንስታ ራጁ በዚያው ሰዓት እንዲነሳ አደረገች።

ራጁን መስኮት ላይ ለጥፋ ያሳየችው ያለ ምንም ቁጣ ነው፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። የድሮው ነቀርሳ ሳንባው ላይ ጉድጓድ ትቶ ሄዷል። እዚያ ውስጥ ፈንገስ ተድቦልቡሎ ተቀምጧል። ከሻጋታ አቧራ የሚመጣ ነገር ነው አለች።

«መድኃኒት አለው?»

«አለው። ከሁለት ወር በፊት ቢጀምር ጥሩ ነበር። አሁን ደግሞ እኛ የሰጠነው መድኃኒት የፈንገሱን መድኃኒት ጉልበት ያሳጣዋል። ከሰውነቱ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለብን።»

«ወንድሜስ ሁለት ሳምንት ይቆያል?»

ራጁን ከመስኮቱ ላይ ነቀለች። «ለጥናቱ ኮሚቴ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ከነገ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። አሁን ሂድና ለወንድምህ ንገረው። ፈርሞ የገባው እሱ ነው፤ የማወቅ መብት አለው።»

ወንድሙ ሦስት ትራስ ተደርቦለት ቁጭ ብሎ ነበር። አቶ ሳል ወለሉን እያየ ነገረው። ወንድሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ የሾፌሩን በሽታ ነው ስታከም የኖርኩት?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሱስ ዳነ?»

«እየዳነ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ሳል ሆነና ፎጣውን አፉ ላይ ያዘ። ፎጣውን አጣጥፎ ደሙን ወደ ውስጥ ደበቀው። «ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብታስብ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ይጠነቀቃል።» ከዚያ እጁን ያዘው። «ለእሷ እንዳትነግራት። ልጆቹ አጎት ያስፈልጋቸዋል። ማልልኝ።»

ማለለት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ቆማ ሳለች፣ ደሙ እንደገና መጣ። ነርሶቹ ቢሯሯጡም የሚያቆመው አልተገኘም። የፈንገሱ መድኃኒት ሳይከፈት ኮሞዲኖው ላይ ነበር።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ሄደ። የወንድሙ ሚስት ያልተሰፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ «ነጻ» የሚለውን የምርመራ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች።

«ድኖ ነበርኮ» አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «እኔ ነኝ። ሁለት ቀን መድኃኒቱ ሲያስመልሰው አሳዝኖኝ መልሼ አልሰጠሁትም። ለዶክተሯም ደበቅኋት። ሁለት ቀን! በሁለት ቀን ባሌን ገደልኩት።»

«እንደዚያ አትበዪ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ወረቀቱ ድኗል ይላል።»

ዝም ቢል መሐላውን ይጠብቃል፤ ልጆቹም አጎት ይኖራቸዋል። እሷ ግን እስክትሞት ሁለት ቀኗን ስትቆጥር ትኖራለች። ልቡ ወደ በሩ ሸሸ፤ እግሩ እምቢ አለው።

«እትዬ፣ ያ መድኃኒት መቼም አያድነውም ነበር» ብሎ ጀመረ። ከሾፌሩ ኩባያ እስከ ራጁ አንድም ሳያስቀር ነገራት። የማለውንም መሐላ ነገራት።

አልጮኸችም። ወረቀቱን በአራት አጠፈችው። ጓዳ ውስጥ ወደሚጫወቱት ልጆች ዞር አለች።

«ትንሿ ትላንት ስታስል ነበር። ይህ ፈንገስ የምትለው ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም። እሱ ከሰው ወደ ሰው...»

«ተወው» አለች እጇን አንስታ። «ይህን ከአንተ አልሰማም።»

ተነስታ የትንሿን ልጅ ጫማ አሰረች፤ ትልቁን በስሙ ጠራችው። ሁለቱን በግራና በቀኝ ይዛ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ወጣች። ትንሿ ልጅ ዞራ በእጇ ጠራችው፤ እናቷ ግን ሳትዞር ጎተተቻት። እሱም ፍራሹ አጠገብ ትንሽ ቆመና በሩን ገጥሞ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ ተከተላቸው።